ሥራ ስላልታዘዘ አንጎል መለኪያ፦ ለጤና አምዳችሁ የቀረበ አስተያየት

ለተከበሩ ዋና አዘጋጅ፣

በጤና አምዳችሁ ላይ በቅርቡ የወጣውን፣ «ዕረፍት ላይ ያለን አእምሮ» በኤም አር አይ (በማግኔት ጉልበት የሰውነትን ውስጥ ምስል በሚያነሣ መሣሪያ) ስለማንበብ የሚያትተውን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። በአማርኛ እምብዛም የማይነሣውን ይህን ጉዳይ ወደ አንባቢ በማቅረባቸው ጸሐፊውን አመሰግናለሁ፤ ስለ መሣሪያው አሠራር የሰጡት ማብራሪያም በአብዛኛው ልክ ነው። ይሁን እንጂ ጽሑፉ ወደ ማብቂያው ገደማ፣ አንድ ሰው ምንም ሳይሠራ ለጥቂት ደቂቃዎች ጋደም ብሎ ከተነሣው ምስል ኦቲዝምን፣ ድባቴንና የመርሳት በሽታን ለይቶ ማወቅ እንደ ተቻለ አድርጎ ያስቀመጠው ነገር እውነት አይደለም። ላለፉት ዐሥራ አንድ ዓመታት ሰሜን አሜሪካ ውስጥ በአንድ የምርምር ማእከል በዚሁ መሣሪያ ሰዎችን እያስተኛሁ ምስል የማነሣ ባለሙያ እንደ መሆኔ፣ ልኬቱ ምን እንደሚቆጥርና የት ላይ እንደሚያቆም ማስረዳት ይገባኛል ብዬ ይህን ደብዳቤ ጽፌአለሁ። ያነሣሣኝ ግን ሙያዬ ብቻ አይደለም፤ የአጎቴ ልጅ ያንን ጽሑፍ ባነበበች ማግስት ከአዲስ አበባ ደውላልኝ ነበር፤ የእሷን ነገር ወደ በኋላ አነሣዋለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ቃሉ። በአማርኛችን ሰው «አረፈ» ሲባል አንድም ሥራውን አቁሞ ተቀመጠ፣ አንድም ከዚህ ዓለም በሞት ተለየ ማለት ነው። አንጎልን በሚመለከት ከሁለቱ ትርጉሞች ሊሠራ የሚችለው ሁለተኛው ብቻ ነው፤ በሕይወት ያለ አንጎል ሥራ የሚፈታበት ጊዜ የለምና። የአንድ አዋቂ ሰው አንጎል ከሰውነቱ ክብደት 2 በመቶ ያህሉን ብቻ ይዞ ሳለ ሰውነቱ ከሚያቃጥለው ኃይል 20 በመቶ ያህሉን ይወስዳል፤ ይህን የሚወስደውም ሰውየው ሒሳብ ቢሠራ ባይሠራ፣ ቢያነብ ባያነብ ነው። ሉዊስ ሶኮሎፍና ባልደረቦቹ በ1955 (ዘመኖቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ሰዎች በቃላቸው ሒሳብ ሲያሰሉ የጠቅላላው አንጎል የኦክስጅን ፍጆታ ከወትሮው እንደማይለይ አሳይተዋል። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ልኬቶችም፣ አንድ የተወሰነ ሥራ በሚሠራበት ጊዜ የሚጨመረው የኃይል ፍጆታ ብዙውን ጊዜ ከ5 በመቶ እንደማያልፍ ይጠቁማሉ። እንግዲህ ሰውየው ሲታዘዝ የሚጨመረው ይህን ያህል ጥቂት ከሆነ፣ ሳይታዘዝ የሚወጣው ያ ሁሉ ኃይል ምን ላይ ይውላል? የምርምሩ መነሻ ይህ ጥያቄ ስለሆነ «ያረፈ አንጎል» ከማለት ይልቅ «ሥራ ያልታዘዘ አንጎል» ብንል ወደ እውነቱ እንቀርባለን። «አእምሮ» የሚለውም ቃል ቦታው አልነበረም። አንጎል ራስ ቅል ውስጥ ያለው ሥጋ ነው፤ አእምሮ ማወቅና ማስተዋል ነው፤ መሣሪያው የሚያየው ሥጋውን ነው። ቋንቋችን ለይቶ ያስቀመጠልንን ባንደባልቀው መልካም ነበር።

የሚለካውም ቢሆን የነርቮቹ ሥራ ራሱ አይደለም። ላይነስ ፖሊንግና ቻርልስ ኮርየል በ1936 እንዳሳዩት፣ በቀይ የደም ሴሎች ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን ኦክስጅን ሲሸከምና ኦክስጅኑን ሲያራግፍ በማግኔት ፊት ያለው ጠባይ ይለያያል፤ የተሸከመው በዙሪያው ያለውን መግነጢሳዊ መስክ አይረብሽም ማለት ይቻላል፣ ያራገፈው ግን ያዛባዋል። ሴይጂ ኦጋዋ በቤል ላቦራቶሪ ሳለ በ1990 ይህንን ልዩነት በአይጦች አንጎል ምስል ላይ ካሳየ በኋላ፣ በ1992 በአሜሪካ ያሉ የተለያዩ ቡድኖች በሰዎች ላይ ሠሩበት። አንድ የአንጎል ክፍል ሥራ ሲበዛበት ወደዚያ የሚፈሰው ደም ከሚፈለገው በላይ ይሆናል፤ ኦክስጅን ያራገፈው ሄሞግሎቢን በዚያ ቦታ ስለሚቀንስም የምስሉ ምልክት በጥቂቱ፣ በአንድና በሁለት በመቶ ያህል ከፍ ይላል። ነርቮች የሚነጋገሩት በሺኛ ሰከንዶች ሲሆን ይህ የደም ምላሽ ጫፉ ላይ ለመድረስ አምስት ስድስት ሰከንድ ይፈጅበታል። ነገሩ በሰርግ ቤት ጓዳ ውስጥ ምን እንደሚበሰል ሳያዩ፣ በጓሮ በር የሚገባውን እንጨትና ውኃ ቆጥሮ የሥራውን ብዛት እንደ መገመት ነው። ግምቱ ከንቱ አይደለም፤ እንጨቱ ሲበዛ ጓዳው ውስጥ ሥራ መብዛቱ አይቀርም። እንጨት ቆጣሪው ግን የሚሠራው ዶሮ ወጥ ይሁን ቅቅል የሚያውቀው ነገር የለውም።

እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ ድረስ ተመራማሪዎች ሰውን አስተኝተው ጣቱን እንዲያንቀሳቅስ ወይም ሥዕል እንዲያይ ያዝዙትና በሠራበትና ባልሠራበት ጊዜ መካከል ያለውን ልዩነት ይፈልጉ ነበር፤ ሥራ ባልታዘዘበት ጊዜ የሚታየውን መዋዠቅ እንደ ጫጫታ ቆጥረው ይጥሉት ነበር። በሚልዋኪ በሚገኘው የዊስኮንሲን የሕክምና ኮሌጅ የዶክትሬት ተማሪ የነበረው ባራት ቢስዋል ጫጫታውን ራሱን ማጥናት ያዘ። በ1995 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሰውየው እጁን ሳያንቀሳቅስ ዝም ብሎ ተጋድሞ እያለ፣ በግራው የአንጎል ንፍቀ ክበብ ውስጥ እጅን የሚያዝዘው ክፍል ምልክቱ ከፍ ሲል በቀኙ ያለው አቻው አብሮት ከፍ እንደሚል፣ ዝቅ ሲልም አብሮት ዝቅ እንደሚል አሳየ። መዋዠቁ እጅግ ዝግ ያለ ነው፤ አንዱ ዙር ከዐሥር ሰከንድ በላይ ይፈጃል። ብዙዎች አላመኑትም፤ ትንፋሽና የልብ ምት ነው አሉ። ጥርጣሬያቸው መሠረት ነበረው፣ እስከ ዛሬም ፈጽሞ አልጠፋም፤ ሆኖም ግኝቱ በሌሎች ቤተ ሙከራዎች በተደጋጋሚ ስለ ተገኘ መስኩ በሙሉ በዚያ ላይ ቆመ።

«ትስስር» የሚባለው እንግዲህ ይኸው አብሮ መውጣትና መውረድ ነው። አንጎሉ ሁለት ሦስት ሚሊሜትር ወርድ ባላቸው ጥቃቅን ኩቦች ይከፋፈላል፤ ከእያንዳንዱ ኩብ በየሁለት ሰከንዱ፣ በአዳዲሶቹ አሠራሮች ደግሞ ሰከንድ ባልሞላ ጊዜ፣ አንዳንድ ቁጥር ይወሰዳል፤ በዐሥር ደቂቃ ውስጥ የተሰበሰቡት ቁጥሮች ተሰልፈው የአንዱ ኩብ ሰልፍ ከሌላው ጋር ምን ያህል እንደሚመሳሰል በስታትስቲክስ ይሰላል። የሚወጣው ውጤት ቁጥር ነው። ጋዜጣችሁ ከጽሑፉ ጋር ያተመው ዓይነት፣ ከአንዱ የአንጎል ጫፍ ወደ ሌላው የተወጠሩ ባለቀለም ክሮች የሚታዩበት ሥዕል፣ ኮምፒውተር ከዚያ ቁጥር ተነሥቶ የሣለው ነው እንጂ መሣሪያው ያየው ክር የለም። ለዚህ ከአዲስ አበባ ኑሮ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ማታ ማታ የሁለት ጎረቤታሞች መብራት በአንድ ጊዜ ደብዘዝ፣ በአንድ ጊዜ ቦግ ሲል ብናይ ሁለቱ ቤቶች በአንድ ትራንስፎርመር እንደሚጠቀሙ እንገምታለን፤ ከአንደኛው ቤት ወደ ሌላኛው ሽቦ ተዘርግቷል ግን አንልም፤ የአንደኛው ቤት የእንጀራ ምጣድ የሌላኛውን አምፖል አደበዘዘው ብለንም አንምልም። በአንጎልም እንዲሁ ነው። ሁለቱን ንፍቀ ክበቦች የሚያገናኘው ትልቁ የነርቭ ድልድይ ሳይኖራቸው የተወለዱ ሰዎች ተጠንተው በ2011 ውጤቱ ሲታተም፣ የግራና የቀኝ አንጎላቸው ምልክት እንደ ማንኛውም ሰው አብሮ ሲወጣና ሲወርድ ተገኝቷል። ድልድዩ የለም፤ «ትስስሩ» ግን አለ። ስለዚህ የአንድ ሰው ትስስር ላላ ሲባል የላላ ነገር በዐይን ታየ ብሎ መረዳት ስሕተት ነው።

የዚህ ምርምር ስም የገነነው በሌላ መንገድ ነው። በሴንት ሉዊስ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲው ማርከስ ሬይክልና ባልደረቦቹ፣ ፔት በሚባለው በሌላ ዓይነት መሣሪያ የተነሡ ምስሎችን ሲመረምሩ፣ ሰው ሥራ ሲታዘዝ ሥራቸው የሚቀንስ የአንጎል ክፍሎች መኖራቸውን፣ የታዘዘው ሥራ ቢለዋወጥም የሚቀንሱት በአብዛኛው እነዚያው መሆናቸውን አስተዋሉ፤ በ2001 ባወጡት ጽሑፍም ይህንን አንጎል ሥራ ሳይታዘዝ የሚመለስበት መደበኛ አኳኋን አድርገው አቀረቡት። ከሁለት ዓመት በኋላ የስታንፎርዱ ማይክል ግሪሺየስና ባልደረቦቹ፣ እነዚህ ክፍሎች በተግባራዊ ኤም አር አይ፣ ማለትም ከላይ በገለጽሁት በደም በኩል በሚደረገው ልኬት፣ ሲታዩ አብረው እንደሚዋዥቁ አሳዩ። ሰው ያለፈውን ሲያስታውስ፣ የነገውን ሲያቅድ፣ እገሌ ስለ እኔ ምን ያስብ ይሆን ሲል የሚበረቱት እነዚህ ናቸው፤ እኛ በሐሳብ ጭልጥ ማለት የምንለው ነው። በ2004 ደግሞ የእነዚህ ክፍሎች መረብ ትስስር በአልዛይመር (በመርሳት በሽታ) ሕሙማን ዘንድ ከጤነኞች ይልቅ ላልቶ መገኘቱ ሲነገር ተስፋው ናረ፤ የጋዜጣችሁ ጸሐፊም የተንተራሱት ይህን ይመስለኛል። ግኝቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን የተነጻጸሩት የሕሙማኑ ቡድን አማካይና የጤነኞቹ ቡድን አማካይ ናቸው። ወንዶች በአማካይ ከሴቶች ይረዝማሉ ማለት፣ የአንድን ሰው ቁመት ሰምቶ ብቻ ወንድ ይሁን ሴት መናገር ይቻላል ማለት አይደለም።

አሁን በደንብ ወደማውቀው ክፍል ልግባ። ሰውየው ከመግባቱ በፊት ብረት ነክ የሆነውን ሁሉ ያወልቃል፤ የእኛ ሰዎች ሲመጡ ብዙ ጊዜ የሚፈጀው የፀጉር መርፌ መልቀምና የአንገት መስቀል ማስወለቅ ነው። መሣሪያው አብዛኛውን ጊዜ የ3 ቴስላ ጉልበት አለው፤ ይህም ከመሬት መግነጢሳዊ መስክ በዐሥር ሺዎች እጥፍ የሚበልጥ ነው። ጆሮው ይደፈናል፣ ጭንቅላቱ በግራና በቀኝ በስፖንጅ ይያዛል፤ ከዚያም በመስታወት የምትታየውን ትንሽ የመደመር ምልክት እያየ፣ እንቅልፍ ሳይወስደው፣ ምንም የተለየ ነገር ሳያስብ እንዲቆይ ይነገረዋል። አንድ ጊዜ በዕድሜ የገፉ እናትን በአማርኛ ሳስረዳቸው «ልጄ፣ ምንም አታስቢ ማለት እንዴት ያለ ትእዛዝ ነው? እኔ እንደሁ ጸሎቴን አደርሳለሁ» አሉኝ። ሳቅሁ፤ ያነሡት ግን መስኩ እስካሁን ያልተገላገለውን ጥያቄ ነበር። ጸሎት የሚያደርሰው፣ የቤት ኪራዩን የሚያሰላውና ከእንቅልፍ ጋር የሚታገለው ሦስቱም በአንድ ስም «ዕረፍት ላይ» ተብለው ይመዘገባሉ። እንቅልፉ በተለይ ቀላል ነገር አይደለም። ኤንሶ ታግሊያዙኪና ሄልሙት ላውፍስ በ2014 ባሳተሙት ጥናት ከአንድ ሺህ በላይ እንዲህ ያሉ ምርመራዎችን መርምረው፣ ከሰዎቹ ሲሶ የሚሆኑት ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ንቃታቸውን ማጣት እንደ ጀመሩ አግኝተዋል። እንቅልፍ ደግሞ ትስስሩን ራሱን ይለውጠዋል፤ ስለዚህ ሕሙማኑ በመድኃኒት ምክንያት ቶሎ የሚያንቀላፉ ከሆነ፣ በሽታው ያመጣው ልዩነት የተባለው የእንቅልፍ ልዩነት ሊሆን ይችላል።

ከእንቅልፍ ይልቅ የከፋው መነቃነቅ ነው። በ2012 ከሴንት ሉዊስ፣ ከሃርቫርድና ከፔንሲልቬንያ የመጡ ሦስት የተለያዩ ቡድኖች፣ ግማሽ ሚሊሜትር የማይሞላ የጭንቅላት እንቅስቃሴ እንኳ የትስስሩን ውጤት በተወሰነ አቅጣጫ እንደሚያጣምመው በየፊናቸው አሳዩ፤ ተቀራራቢ በሆኑ ቦታዎች መካከል ያለውን ትስስር ያበረታዋል፣ በተራራቁት መካከል ያለውን ያላላዋል። ልብ ይበሉ፤ ሕፃናት ከአዋቂዎች ይልቅ ይነቃነቃሉ፣ አረጋውያንና ሕሙማንም ከጤነኛ ወጣቶች ይልቅ ይነቃነቃሉ። «አንጎል ሲያድግ የቅርቡ ትስስር እየቀነሰ የሩቁ ይጠነክራል» የሚለው ታዋቂ ውጤት አንድ ክፍሉ ልጆች ተረጋግተው ካለመተኛታቸው የመጣ መሆኑ የተገለጠው ያን ጊዜ ነው፤ የሴንት ሉዊሱ ቡድን ይህን ያሳየው ራሱ ቀደም ሲል ያሳተመውን ሥራ መልሶ በመመርመር መሆኑን ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። በኦቲዝም ዙሪያ የሩቁ ትስስር ላልቶ ተገኘ ከሚሉት የቀድሞ ጥናቶችም ብዙዎቹ በዚሁ ምክንያት እንደገና መታየት ነበረባቸው። ዛሬ እንቅስቃሴው በየምስሉ ይለካል፣ የተበላሹት ምስሎች ይጣላሉ፣ የቀረውም በስሌት ይጸዳል፤ ይሁን እንጂ ስሌቱ ጭንቅላቱን ያልነቀነቀውን ሰው ምስል ያህል አያጠራውም።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የሚቀርብ አንድ ምሳሌ ልጨምር። ራስል ፖልድራክ የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ ለአንድ ዓመት ከመንፈቅ ያህል ራሱን ደጋግሞ በመሣሪያው ውስጥ አስተኝቶ የአንድን ሰው አንጎል ውሎና አዳር መዝግቧል፤ ውጤቱም በ2015 ታትሟል። ማክሰኞ ማክሰኞ የሚተኛው እህል ሳይቀምስና ቡና ሳይጠጣ ነበር፤ ሐሙስ ሐሙስ ግን በልቶና ቡናውን ጠጥቶ ነበር። ሰውየው አንድ፣ መሣሪያው አንድ ሆኖ ሳለ በሁለቱ ቀናት የተገኘው ትስስር በግልጽ ተለያየ። ልዩነቱን ያመጣው ጾሙ ይሁን ቡናው አልተለየም፤ ሁለቱ ሁልጊዜ አብረው ስለ ሄዱ ሊለይም አይችልም። ቡና የአንጎልን የደም ሥሮች አጥብቦ የደም ፍሰቱን እንደሚቀንስ ግን አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ልኬቱም፣ ከላይ እንዳልሁት፣ በደም በኩል የሚደረግ ልኬት ነው። እንግዲህ በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ ሳይቀምስ የቆየ ሰውና በማለዳ ሦስቱን ሲኒ፣ እስከ በረካው ጠጥቶ የመጣ ሰው ቢነጻጸሩ የሚወጣውን ልዩነት በሽታ ነው ለማለት የሚደፍር ሐኪም መጀመሪያ ቁርሳቸውን መጠየቅ አለበት።

ስለ ቁጥሩም ጥቂት ልበል። ለብዙ ዓመታት እንዲህ ያሉ ጥናቶች የሚሠሩት በሃያና በሠላሳ ሰዎች ነበር። በ2022 ኔቸር በተባለው መጽሔት የወጣ አንድ ሥራ ወደ 50,000 የሚጠጉ ሰዎችን መረጃ ሰብስቦ፣ የአንጎልን ትስስር ወይም ቅርጽ ከሰዎች ጠባይ፣ ከችሎታቸው ወይም ከሥነ ልቡና ችግራቸው ጋር የሚያዛምዱት ግንኙነቶች እጅግ ደካሞች መሆናቸውንና አስተማማኝ ውጤት ለማግኘት ብዙ ሺህ ሰዎች እንደሚያስፈልጉ አሳይቷል። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2016 አንደርስ ኤክሉንድና ባልደረቦቹ ጤነኛ ሰዎች ሥራ ሳይታዘዙ የተነሡትን ምስል በዕጣ በተለያዩ ቡድኖች ከፋፍለው፣ ምንም ልዩነት ሊኖር በማይገባበት ቦታ የተለመዱት የስሌት ፕሮግራሞች ልዩነት አለ እያሉ ስንት ጊዜ እንደሚሳሳቱ ቆጠሩ፤ 5 በመቶ መሆን የነበረበት ስሕተት በአንዳንዶቹ አሠራሮች እስከ 70 በመቶ ደረሰ። የዓለም ጋዜጦች በጊዜው 40,000 ጥናቶች ውድቅ ሆኑ ብለው ጻፉ፤ ቁጥሩ ከጽሑፉ የተወሰደ ቢሆንም የተጋነነ ነበርና ደራስያኑ ራሳቸው ያንን ዐረፍተ ነገር አርመውታል። የእርማት ነገር ካነሣሁ አይቀር፣ ጋዜጣችሁም ይህንኑ ቢያደርግ የሚያስከብረው ነው።

በአንጻሩ ትልልቅ የመረጃ ክምችቶች ተገንብተዋል። በአሜሪካ የአንጎል ትስስር ካርታ ፕሮጀክት ወደ 1,200 የሚጠጉ ወጣት አዋቂዎች ታቅፈው፣ ለእያንዳንዳቸው ሥራ ሳይታዘዙ የአንድ ሰዓት ያህል ምስል እንዲነሣ ታቅዶ ተሠርቷል፤ የብሪታንያው ባዮባንክ ደግሞ የ100,000 ሰዎችን የምስል ምርመራ ግብ አድርጎ ተነሥቶ በ2025 ከዚያ ደርሷል፤ የእሱ የዕረፍት ምስል ስድስት ደቂቃ ያህል ነው። ከአሜሪካው ክምችት በተወሰደ የ126 ሰዎች መረጃ ላይ በ2015 የተሠራ ጥናት፣ ትስስሩን ብቻ በማየት ትናንት የተነሣው ሰው ከዛሬዎቹ ውስጥ የትኛው እንደሆነ ከ90 በመቶ በላይ በሆነ ትክክለኛነት መለየት እንደሚቻል አሳይቷል። ይህ የሚያስደንቅ ነው፤ ትስስሩ ጫጫታ ብቻ እንዳልሆነም ማስረጃ ነው። ነገር ግን የጣት አሻራም ሰውን ከሰው ይለያል፤ በአሻራ በሽታን የመረመረ ግን የለም። በእነዚህ ክምችቶች ውስጥ ያሉት ሰዎች እጅግ አብዛኞቹ የአሜሪካና የአውሮፓ ነዋሪዎች መሆናቸውንም አንባቢ ልብ ሊለው ይገባል፤ «ከጤነኛ ልጅ ጋር ሲነጻጸር» የሚል ውጤት ለአንድ የአዲስ አበባ ልጅ ቢሰጥ፣ ያ ጤነኛ ልጅ የየት አገር ልጅ እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው።

መሣሪያውን ለማንኳሰስ የጻፍሁ እንዳይመስል ጥቅሙንም ልናገር። ተራው ኤም አር አይ ዕጢን፣ የስትሮክ ጉዳትን፣ የአንጎል ቁስለትን ለማየት ያለው ጠቀሜታ ከዚህ ክርክር ውጭ ነው፤ ሐኪም ያዘዘውን ማንም በእኔ ደብዳቤ ምክንያት እንዳያስቀር አደራ እላለሁ። ሥራ ሳይታዘዝ የሚነሣው ምስልም በአንዳንድ ሆስፒታሎች ከአንጎል ቀዶ ሕክምና በፊት እጅን የሚያዝዘውንና ንግግርን የሚመራውን ቦታ ለመጠቆም ያገለግላል፤ በተለይ ትእዛዝ መፈጸም ለማይችሉ ሕፃናትና ሕሙማን ይጠቅማል። በ2022 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ለመድኃኒት አልበገር ላለ ድባቴ የፈቀደው፣ በስታንፎርድ የተቀመረ አንድ የማግኔት ሕክምና፣ ማግኔቱ የሚያርፍበትን ቦታ ለእያንዳንዱ ታማሚ የሚመርጠው በዚሁ ዓይነት ምስል ነው። ልዩነቱን ያስተውሉ፤ እዚህ ላይ ድባቴ መኖሩን ያወቀው ሐኪሙ ነው፣ ምስሉ የሚያገለግለው ቦታ ለመምረጥ ነው። በሽታውን ራሱን ለይቶ ስለማወቅ ግን የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ያቋቋመው የባለሙያዎች ቡድን በ2018 ባወጣው ግምገማ፣ ለየትኛውም የሥነ አእምሮ ሕመም ምርመራ በክሊኒክ ሊያገለግል የበቃ የአንጎል ምስል ምልክት እንደሌለ ገልጿል። ከዚያ ወዲህ በዕለት ተዕለት ሥራዬ ይህንን የሚያስቀይር ነገር አላየሁም።

ወደ አጎቴ ልጅ ልመለስ። የዘጠኝ ዓመት ወንድ ልጅ አላት፤ ንግግሩ ዘግይቷል፣ ከሰው ጋር ዐይን ለዐይን አይገጣጠምም። አንድ የውጭ አገር ክሊኒክ የአንጎሉን ትስስር መርምረን ኦቲዝም መሆን አለመሆኑን እንነግርሻለን ብሏት፣ ባለቤቷ መኪናቸውን ሊሸጥ ደላላ አነጋግሮ ነበር። ጽሑፋችሁን ስታነብ ደግሞ ጥርጣሬዋ ሁሉ ተወገደላት። ሕፃኑ ጸጥ ብሎ ስለማይተኛ ማደንዘዣ እንደሚሰጠው ነግረዋታል፤ ማደንዘዣ ደግሞ ከእንቅልፍም የበለጠ ትስስሩን ይለውጣል፤ ለሕፃን ያለውም አደጋ ቀላል አይደለም። ኦቲዝም እስካሁን የሚታወቀው የልጁን ጠባይና አስተዳደግ በሚገባ በሚመረምር፣ ከወላጆቹ ጋር ረጅም ጊዜ ወስዶ በሚነጋገር ባለሙያ ነው። ይህንን ነግሬአት፣ መኪናው ከመሸጡ በፊት ለክሊኒኩ እንድትጽፍላቸው አራት ጥያቄዎች ሰጠኋት፦ ምስሉ የሚነሣው ስንት ደቂቃ ነው? በማደንዘዣ ተኝቶ የተነሣው ልጅ የሚነጻጸረው በማደንዘዣ ከተኙ ጤነኛ ልጆች ጋር ነው ወይስ ከነቁ? የእንቅስቃሴው መጠን በሪፖርቱ ላይ ይጻፋል? ውጤቱ እንዲህ ቢሆንና እንዲያ ቢሆን በሕክምናው ላይ የሚለወጠው ምንድን ነው?

ጋዜጣችሁን የምጠይቀው እነዚህን ጥያቄዎች በዚያው አምድ እንድታትሙና በሽታዎቹን ለይቶ ማወቅ እንደ ተቻለ የሚገልጸውን ዐረፍተ ነገር እንድታርሙ ነው፤ ጸሐፊው ጉዳዩን እንደገና ሊያነሡት ቢፈልጉ የማውቀውን ለማካፈል ፈቃደኛ ነኝ። የአጎቴ ልጅ ጥያቄዎቹን በኢሜይል ልካ ነበር፤ በሦስተኛው ቀን የመጣላት መልስ የቀጠሮ ቀንና የክፍያው ዝርዝር ብቻ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣

የኤም አር አይ ባለሙያ የሆነ አንባቢያችሁ
ከሰሜን አሜሪካ